አስፈሪ የሚና ጨዋታ በደሴ፦ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሻማ ወይስ በአካል?

ከጓደኞቹ ጋር አስፈሪ የሚና ጨዋታ ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ጨዋታ ይበልጥ እንደሚያስፈራ ነው። ደሴ ላይ ግን ማስፈራት ያን ያህል የሚቸግር ሥራ አይደለም፤ በክረምት ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ከሞላው፣ መብራቱም ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ ከሩቅ የሚሰማ የጅብ ድምፅ ብቻውን የአጫዋቹን ግማሽ ሥራ ይሠራለታል። የሚቸግረው የተነሣውን ፍርሃት በተፈለገ ጊዜ ማብረድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው ከሁሉ በፊት በአንድ መለኪያ ነው፦ ከተጫዋቾቹ አንዱ «ይብቃኝ» ባለ ጊዜ ጨዋታው ምን ያህል ፈጥኖ ይቆማል? ወጪው፣ የሚፈልገው የሰው ብዛትና የደንቡ ክብደት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የሚና ጨዋታን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው አጫዋች ሆኖ ቦታውን፣ የአየሩን ጠባይና የጠላቱን አድራጎት ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ወይም ሌላ የዕጣ መንገድ ይፈርዳል። በታተመ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ጀግናው ከቀን ወደ ቀን እየበረታ ሲሄድ፣ በአስፈሪው ዘርፍ ግን ገጸ ባሕርይው እየደከመና እየተሸበረ ይሄዳል። ተጫዋቹ ተቀምጦ ከመናገር አልፎ፣ ልብሱን ለብሶና ተነሥቶ ገጸ ባሕርይውን በአካሉ ሲተውነው ደግሞ ላርፕ ይባላል።

ተቀምጠው የሚጫወቱት

ከአንጋፋዎቹ የጠረጴዛ ዙሪያ አስፈሪ ጨዋታዎች አንዱ ሳንዲ ፒተርሰን ያዘጋጀውና ካዮሲየም የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ኮል ኦቭ ክቱሉ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም፣ መምህርና የመሳሰሉት ተራ ሰዎች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ችሎታም በመቶኛ ይመዘገባል። የማድመጥ ችሎታው 40 የሆነ ሰው ከ1 እስከ 100 በሚወጣው ዕጣ 40 ወይም ከዚያ በታች ካገኘ ከበሩ ውጭ ያለውን ኮቴ ሰማ ማለት ነው፤ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ግማሹን፣ ማለትም 20ን፣ እጅግ ከባድ ከሆነ ደግሞ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 8ን ዕጣው ማለፍ የለበትም። የጨዋታው ልዩ ፈጠራ የአእምሮ ጤንነት ነጥብ ነው፤ ገጸ ባሕርይው የማይታመን ነገር ባየ ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳል፤ በአንድ ጊዜ 5 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ያጣ ሰው ለጊዜው አእምሮውን ሊስት ይችላል።

በመለኪያችን ሲታይ ይህ ጨዋታ በፍጥነት ከሚቆሙት አንዱ ነው። ሁሉም በብርሃን ተቀምጠዋል፣ በመሐሉ ሒሳብ አለ፣ ሒሳብ ደግሞ ፍርሃትን ያቀዘቅዛል። ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው፤ ደንቡ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ አጫዋቹም ቢያንስ አንድ ሳምንት ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይገባል። አሳታሚው በነጻ የሚሰጠውን አጭር የመግቢያ ደንብ ከድረ ገጹ አውርዶ መጀመር ይሻላል። ባለ ዐሥር ገጽ ዳይስ ደሴ ውስጥ መፈለግ ድካም ነው፤ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸውን ዐሥር ቁራጭ ወረቀቶች ባርኔጣ ውስጥ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን እንደ ዐሥር ቤት፣ መልሶ ከቀላቀሉ በኋላ ሁለተኛውን እንደ አንድ ቤት ማውጣት ያው ነው፤ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ መቶ ይሆናል። የጨዋታው የተለመደ ዘመን እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ አሜሪካ ቢሆንም እኔ ያንን አልመክርም። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ፣ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ያለችው ደሴ፣ የንጉሥ ሚካኤል ቤት ወድቆ፣ የአይጠየፍ አዳራሽ የግብሩ ድምፅ ጠፍቶበት፣ አንድ ነጋዴ ግን አሁንም በሌሊት ከውስጡ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ ቢል፣ ለወሎ ተጫዋች ከየትኛውም የባሕር ማዶ ከተማ ይቀርበዋል።

ለጀማሪ ቡድን ግን ከዚህ አስቀድሜ የማነሣው ድሬድ የተባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ይህ ጨዋታ ዳይስ ጨርሶ የለውም። በምትኩ 54 የእንጨት ቁራጮች ሦስት ሦስት ሆነው በ18 ደርብ የሚደረደሩበት የጄንጋ ግንብ ከጠረጴዛው መሐል ይቆማል። ገጸ ባሕርይው አስቸጋሪ ነገር በሞከረ ቁጥር ተጫዋቹ አንድ ቁራጭ ከሥር ስቦ ከላይ ያስቀምጣል፤ ግንቡ ከቆመ ተሳካለት። ላለመሳብም መብት አለው፤ ያን ጊዜ ሙከራው ይከሽፋል እንጂ ገጸ ባሕርይው አይሞትም። ግንቡ በእጁ የፈረሰበት ሰው ገጸ ባሕርይ ግን ከታሪኩ ይወጣል፤ ይሞታል፣ ያብዳል፣ ወይም ሄዶ ይቀራል። አንድ ሰው ጓደኞቹን ለማዳን ብሎ ግንቡን ሆን ብሎ ቢገፋው ያሰበውን ፈጽሞ ይወድቃል፤ ይህ ደንብ ያስለቀሳቸው ሰዎች እንዳየሁ ልመስክርለት። ከዚያ በኋላ ግንቡ እንደገና ይሠራል፤ ለወጣው ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ቁራጭ አስቀድሞ ስለሚሳብ ሁለተኛው ግንብ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚንገዳገድ ነው።

የዚህ ጨዋታ ፍርሃት በጣት ጫፍ ላይ ነው። አጫዋቹ አንደበተ ርቱዕ ባይሆን እንኳ የተጫዋቹ እጅ መንቀጥቀጥ ሥራውን ይሠራለታል፤ የጠረጴዛው እግር አንዱ አጭር ከሆነ ግን ሌሊቱ በሙሉ ከንቱ ነውና ከእንግዶቹ መምጣት በፊት ከሥሩ ካርቶን ይጠቅጠቅ። ግንቡን ከሱቅ መግዛት የማይችል ቡድን ለአናጢ ያሠራው። የቁራጩ ርዝመት የስፋቱ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ እንጨቱ በደንብ የደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ በሳምንቱ ተጣሞ ይጠብቃችኋል። አናጢው ሁሉንም ልክ በልክ አንድ ዓይነት ላድርገው ቢል አመስግናችሁ ከልክሉት፤ የውፍረታቸው ትንሽ ልዩነት ነው አንዱን ላላ ሌላውን ጠበቅ የሚያደርገው፣ ጨዋታውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

የድሬድ ሌላው ብልሃት ገጸ ባሕርይን በነጥብ ሳይሆን በጥያቄ መሥራቱ ነው። አጫዋቹ ለእያንዳንዱ ተጫዋች መልሱ አስቀድሞ ግማሽ የታሰበበት የጥያቄ ወረቀት ይሰጣል፦ «ከወንድምህ ቀብር የቀረኸው ለምንድን ነው?»፣ «ወደ ሐይቅ በሄድሽ ቁጥር ከመኪናው የኋላ ወንበር የማትቀመጪው ምን አይተሽ ነው?» የመሰለ። ወግ ለሚወድ ሰው፣ ወሎዬ ደግሞ ወግ አይጠላም፣ ይህ ከማንኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ይልቅ በቀላሉ ይገባዋል። ማቆሙም ቀላል ነው፤ እጅ ከግንቡ ላይ ይነሣል፣ መብራት ይበራል፣ አለቀ።

በሻማ የሚጫወቱት

ስቲቨን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቴን ካንድልስ ስሙ እንደሚናገረው ዐሥር ሻማ ለኩሰው በጨለማ ክፍል የሚጫወቱት ነው። ሦስት እስከ አምስት ተጫዋቾችና አንድ አጫዋች ይበቁታል። በዐሥር ተራ ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይጀመራል፤ ስድስት የወጣበት ሙከራ ይሳካል፣ አንድ ያወጡት ዳይሶች ለትዕይንቱ ከጨዋታ ይወጣሉ፤ ስድስት ካልተገኘ ትዕይንቱ ያበቃና አንድ ሻማ ይጠፋል፤ ቀጣዩ ትዕይንት የሚጀመረውም በቀሩት ሻማዎች ቁጥር ልክ በሆኑ ዳይሶች ነው። ከመጀመሪያው የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ በመጨረሻው ሻማ በሕይወት የሚተርፍ ገጸ ባሕርይ የለም። ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ የገጸ ባሕርያቸውን ድምፅ ይቀርጻሉ፤ ሁሉም ሻማዎች ከጠፉ በኋላ ቀረጻው በጨለማ ይሰማል።

ከአራቱ የተቀምጦ ጨዋታዎች እጅግ ውብ የምለው ይህንን ነው፤ ግን ለማንም ቡድን በቅድሚያ የማልመርጠውም ይህንኑ ነው። ቀስ እያለ የሚያጠልቅ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ መጨነቁን የሚያውቀው ሰባተኛው ሻማ ከጠፋ በኋላ ነው። ከመካከላችሁ በቅርቡ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ካለ የሙት ድምፅ የሚሰማበትን የመጨረሻውን ክፍል ተዉት፤ የሚሻለው ደግሞ ለዚያ ምሽት ሌላ ጨዋታ መምረጥ ነው። ደንቡ ገጸ ባሕርያት የተጻፉባቸውን ወረቀቶች በጨዋታው መሐል ማቃጠልንም ይጠይቃል። ለዚህ አሸዋ የተሞላ ሸክላ ወይም የብረት ሳህን ይዘጋጅ እንጂ የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ የደሴ ብርድ መስኮትን አስዘግቶ ማንደጃ የሚያስገባ ስለሆነ፣ የከሰል ጭስ ደግሞ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት፣ በጨዋታ የጀመረው ሞት እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሻማ ካጣችሁ ጧፍ አትጠቀሙ፤ ጧፍ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ክርስቲያን ያልሆነውም ጓደኛችሁ ያንን ያውቃል።

ሰዉ ከበዛና ደንብ የማንበብ ትዕግሥት ከሌለ ማፍያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዲሚትሪ ዳቪዶቭ የፈጠረው ይህ ጨዋታ ከአንድ እሽግ ካርታ ሌላ ዕቃ አይፈልግም፤ ሰባት ሰው ከሞላ ይጀመራል። ከመካከል ጥቂቶች በድብቅ ገዳዮች ናቸው፤ «ሌሊት ሆነ» ሲባል ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ገዳዮቹ ብቻ ገልጠው ሰለባቸውን ይመርጣሉ፣ ሲነጋ ሁሉም ተካስሶ አንዱን ያስወጣል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድሩ ፕሎትኪን ገዳዮቹን ወደ ተኩላ ሰው ቀየራቸውና አስፈሪ ጨዋታ ሆነ። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ተኩላውን ወደ አገራችን ለማምጣት ብላችሁ «ቡዳ» አትበሉት። በዚህ ስም ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን ሲገለሉ ኖረዋል፤ ሰው ለይቶ የማስወጣት ጨዋታ ላይ ይህን ስም መጫን የቆየውን ግፍ በሳቅ መድገም ነው። «ጅብ» ማለት ይበቃል፤ ጅብ ቅር አይለውም።

በአካል የሚተወኑት

ላርፕን ከአስፈሪው ዘርፍ ጋር አጥብቀው ካስተሳሰሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ ነው፤ የአካል ትወናው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1993 ማይንድስ አይ ቲያትር በሚል ስም ታተመ። ልብስ ለብሰው፣ በአዳራሽ እየተዘዋወሩ፣ እየተማከሩና እየተካካዱ ይጫወቱታል፤ ግጭት ሲመጣ የሚፈርደው ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ነው፤ ማንም ማንንም አይነካም፣ የጦር መሣሪያም አይያዝም። ይህ የአዳራሽ ላርፕ ነው፤ ፍርሃቱ በሹክሹክታ ውስጥ ያለ ስለሆነ ከደጅ ከሚደረገው ይልቅ በቀላሉ ይቆማል። ሁለተኛው ዓይነት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ያዳበሩት፣ ተጫዋቹ ስሜቱን ሳይሸሽ ለሰዓታት ከገጸ ባሕርይው ሳይወጣ የሚቆይበት ነው፤ ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በፊንላንድ እየተፈራረቁ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ከእነርሱ የሚወሰደው ዋና ነገር አስቀድመው የሚስማሙባቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ ሲባል ሁሉም ነገር ወዲያው ይቆማል፣ ሌላው ሲባል ጨዋታው ሳይቆም ይበርዳል።

ቃላቱን ስትመርጡ «በቃ» እና «ተው» አይሁኑ፤ የሚሳደድ ገጸ ባሕርይ በጨዋታው ውስጥም የሚጮኸው እነዚህኑ ነው፤ ማንም ከልብ መሆኑን አይለይም። እኛ «ቡና ፈላ»ን ለማቆሚያ፣ «ቀስ»ን ለማብረጃ አድርገናል፤ ጂን እያባረረው «ቡና ፈላ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

ከቤት ውጭ የሚደረገውን ላርፕ በተመለከተ ያየሁትን ልንገር። በመጀመሪያው ሙከራችን አንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዲት ተጫዋች እንደ ሚናዋ እሪ አለች። ጥሩ አድርጋ ነበር እሪ ያለችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አጥሩን የሞላው ጎረቤት ዱላውን ይዞ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ገባ፤ ጭምብል ያጠለቀውን አንዱን ልጃችንን ሊመቱት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። በአገራችን እሪታ የጥሪ ድምፅ ነው፤ የሰማ ሰው መውጣት አለበት፤ ያንን ጥሪ ለጨዋታ ያባከነ ቡድን ነገ እውነተኛ እሪታ ሲመጣ ጎረቤቱ እንዲያመነታ ያስተምረዋል። ከዚያ ወዲህ በላርፕ ውስጥ እሪታ ክልክል ነው፤ የፈራ ሰው ባለበት ተቀምጦ ፊቱን ይሸፍናል፣ ሌሎቹም እንደ ጩኸት ይቆጥሩለታል። ጎረቤትን ቤት ለቤት ዞሮ ማሳወቅና ለቀበሌው አስቀድሞ መንገርም ከጨዋታው ደንብ እንደ አንዱ ይቆጠር።

ቦታን በተመለከተ ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለችና ሞቃት በመሆኗ ለሌሊት ጨዋታ ትመቻለች፤ ደሴ ላይ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚንቀጠቀጠው ተጫዋች በፍርሃት ይሁን በብርድ አይታወቅም። የሐይቅ ዳርቻ ውበቱ ያማልላል፤ ነገር ግን የእስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ የጸሎት ቦታ ነውና ከነአካቴው አይታሰብ፤ ውኃ ባለበትም በጨለማ መሮጥ አይፈቀድ። ገደል ያለበትን የጦሳን ወገብ ጨርሶ ተዉት። የተመረጠውን ቦታ አዘጋጁ በቀን ሁለት ጊዜ ይሂድበት፤ ለእያንዳንዱ አምስት ተጫዋች አንድ የማይጫወት፣ ባትሪ የያዘ ጠባቂ ይኑር። ባትሪው ላይ ቀይ ፕላስቲክ ቢጠቀለልበት ለጨለማ የለመደውን ዓይን አያሳውረውም።

ከየትኛውም አማራጭ ጋር የሚሄድ ጥንቃቄ

ከወሎ ተጫዋች ጋር ፍርሃትን የሚጫወት ሰው ባዶ ወረቀት ላይ አይጽፍም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤቱ ውስጥ የነበረ ወይም በእግሩ የሸሸ ሰው በየጠረጴዛው አለ፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ከወላጆቹ የሰማ ደግሞ የበለጠ አለ። ስለዚህ የተኩስ ድምፅ፣ የቤት ፍተሻ፣ ሬሳና የሚራብ ሕፃን በእኛ ጨዋታ ውስጥ አይገቡም፤ ይህንን አንድ በአንድ ጠይቄ አልወስንም፣ ገና ከመጀመሪያው የተዘጋ ነው፤ ጠያቂው ጥያቄውን በማንሣቱ ብቻ ያቆስላልና። ለቀረው ጆን ስታቭሮፖሎስ ያሰራጨው የኤክስ ካርድ ይጠቅማል፤ መስቀለኛ ምልክት ያለበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ የነካው ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ የተነሣው ነገር ከታሪኩ ይወጣል። ወሎዬ ይሉኝታ ስለሚበዛበት ካርዱን አጫዋቹ ራሱ መጀመሪያ ቢነካው ሌላውም ይደፍራል።

ዛርንና ጂንን በተመለከተ በተረት መልክ ማንሣትና ሥርዓታቸውን መኮረጅ የተለያዩ ናቸው። መጥሪያ ቃል፣ እውነተኛ ጸሎት፣ ቁርኣንም ሆነ መልክዓ፣ በማንም ገጸ ባሕርይ አፍ አይግባ። በአንድ ጠረጴዛ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጣል፤ ሁለቱም እቤታቸው ሲደርሱ የሚያፍሩበት ነገር አይኑር። ድምፅ ካስፈለገ ዋሽንት በአንቺሆዬ ቅኝት ቀስ ብሎ ከበስተጀርባ ቢሰማ እኔ ከማንኛውም የተቀዳ ጩኸት የበለጠ ፈርቼዋለሁ።

እንግዲህ ለምርጫው፦ አራት ወይም አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ድሬድን ያዙ። ዐሥር ሰው ድንገት ከተሰበሰበ ማፍያን። በየሳምንቱ የሚገናኝ፣ ንባብ የሚወድ ቡድን ካላችሁ ኮል ኦቭ ክቱሉን፣ ለወራት ይዘልቃልና። ሻማዎቹን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አብራችሁ ከተጫወታችሁና አንዱ የሌላውን ፊት ማንበብ ከለመደ በኋላ ለኩሱ። የአዳራሽ ላርፕ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ፤ የደጁን ደግሞ ጠባቂ፣ ፈቃድና የሚያውቅ ጎረቤት ከተሟላ ብቻ።

የመጨረሻው ሰዓት በየትኛውም ምርጫ አንድ ነው። መብራት ይበራል፣ ቡና ይቀርባል። በአቦሉ እያንዳንዱ የራሱን ስም ተናግሮ የገጸ ባሕርይውን ወረቀት ለአጫዋቹ ይመልሳል፤ በቶናው ያስፈራው፣ ያሳቀውና ያስቀየመው ይነገራል፤ በበረካው ማን ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚሄድ ይደለደላል፤ ባጃጁም እስከዚያ አይጠራም።